ኬላ ጠባቂዋ

ጠዋት ነው፤ ጦሳ ጉሙን ገና አልገለጠም፣
የደሴ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ መግባት አላቋረጠም።
አይጦቹ ግን ሞቋቸዋል፣
ሃያ ሁለት ዲግሪ ተመድቦላቸዋል።
አቶ ሙሄ ሰጋቱራ እየቀየሩ፣
«ከእኔ ቤት ይሻላል» ይላሉ፣ ካይጦቹ ጋር እያወሩ።

ዘጠኝ ቁጥርን አነሳለሁ፤
በፎጣ ጠቅልዬ ጭራውን አወጣለሁ፣
ጭራው ላይ እንደ ቀለበት ጠባብ መለኪያ አጠልቃለሁ፤
ትንፋሼን ውጬ እጠብቃለሁ።

መቶ አሥራ ስምንት ነበር፣ በመጀመሪያው ሳምንት፤
መቶ ሃያ ስድስት፣ በሁለተኛው።
ዛሬ መቶ አርባ አንድ።
ማንም አልጮኸም።

ከቆዳው ሥር እንክብል የምታህል ፓምፕ አለች፣
ሌት ተቀን ጠብ ታደርጋለች።
አልዶስቴሮን ነው የጠብታዋ ስም፤
በወጉ ከኩላሊት ጫፍ፣ ከእጢዋ ትወጣለች፣ እኛ ባንጨምርም።
ሥራዋ ኬላ መጠበቅ ነው፤
በስስ ቦዮች ዳር ቆማ፣
ከሽንት ጋር ሊወጣ የተነሣውን ጨው አስቁማ፣
«ተመለስ» ትለዋለች።
ጨው ሲመለስ ውሃ ይከተለዋል፣
ደሙ ይሞላል፣ ቧንቧው ይወጠራል።
መጽሐፉ እዚህ ላይ ያበቃል።

እኔ ግን ኬላ ሲባል የሚታየኝ ሌላ ነው፦
አባቴ ይማም በኤንትሬ መኪና፣
ከአፍዴራ ጨው ጭኖ፣ ቦርከናን ተሻግሮ በኮምቦልቻ ጎዳና፣
ሐረጎን ሲወጣ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ እያቃሰተ፣
ረዳቱ ታኮ ተሸክሞ ከኋላ እግሩን እየጎተተ።
እኔ ሕፃን ሆኜ፣ ጋቢና ውስጥ ተኝቼ፣
ስነቃ ከንፈሬ ጨው ጨው ይለኝ ነበር፣ አቧራውን ብቻ ጠጥቼ።

አንድም ቀን ዳገቱ ድንገት አልመጣም።
ኩርባ በኩርባ ነው፤ የቆላው ሙቀት መቼ እንደቀረ፣
ብርዱ መቼ እንደጀመረ፣
ማንም አይነግርህም፤ ጆሮህ ብቻ ይደፈናል፣
ቀና ስትል ደሴ ነው፣ ጉም ሆኗል።
እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ያሉ፣
ግፊትም በእግሩ መሄዱን አላዩም መሰል፣ ወይ አይተው ዝም አሉ።

ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ይቺው ጠብታ ያለቻቸው፣
ግን ንጹሕ ውሃ የሚጠጡት፣ ብዙም አልወጣ ግፊታቸው።
ጠባቂዋ ብቻዋን ምን ታስቀር? ጭነት ካላለፈ፣
ባዶ መንገድ ላይ ዘንጓ ምን አተረፈ?
ዳገቱን የያዙት እንደ ዘጠኝ ያሉት ናቸው፣
ጨው ያለበት ውሃ የሰጠናቸው።

ማታ ሆጤ፣ አባቴ ቤት፣ የክንድ መለኪያ ይዤ ገባሁ።
መቶ ሰባ ሁለት። ደግሜ ለካሁ።
«አይሰማኝም» አለኝ፣ «እኔ እንደሆንኩ ደህና ነኝ፤
ራሴን እንኳ አያመኝ።»
ክኒኑ በላስቲክ እንደታሰረ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ አቧራ ለብሶ፤
እሱ ሳህኑ ላይ ጨው ነስንሶ፣ ቀምሶ፣ እንደገና ነስንሶ።

ስለ ዘጠኝ ቁጥር ነገርኩት።
ሳቀ። «እኔ ጭራ አላበቀልኩ፣ ከአይጥ ምን አገናኘኝ?»
ከዚያ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «አይጡስ ይሰማዋል?» አለኝ።

አይሰማውም፣ አልኩት።

ዘምዘም ያለኝ እሱ ነው፤ የውሃ ስም።
ደብተሬን የገዛው ግን ጨው ነው፤ ይህንን አልረሳም።
ስለዚህ ጨውን መስደብ አልቻልኩም፣ አፌ አልታዘዘኝም፤
መሳደብ ቢረዳ ኖሮ እንኳ፣ ፊቱ አልሆነልኝም።

«በሳምንቱ ምን ታደርጉታላችሁ?» አለ።
ልቡን አውጥተን በግራም እንመዝናለን፤
ግፊት የቆየበት ልብ ይወፍራል፣ አልኩት፤ ያንን እናያለን።

የሚዛን ጣቢያ ያውቃል፤ ስንት ዓመት ተሰልፏል፣
ስንት ጊዜ «ትርፍ ጭነሃል» ተብሎ ተቀጥቷል።
«ስንት እንደመዘነ ንገሪኝ» አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ።
እጁ ጨው ማስቀመጫው ላይ ነበር፤
አላነሳውም። አልተወውም።